የተሟሸው ሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አዲስ ስፒከር ገዝቶ መጣና ሳሎኔ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዝግ ባለ ድምፅ ያስለፈልፈው ጀመር። «ከፍ አድርገው እንጂ» ስለው፣ «አይ እማማ፣ መጀመሪያ እንዲህ መለማመድ አለበት፤ ድምፁ የሚያምረው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፣ ምስኪን።

አሰላ ቤታችን ሬዲዮ የገባው እኔ ጉብል ሳለሁ፣ በክረምት መግቢያ ነው። አባባ እህል ነጋዴ ስለነበሩ ከናዝሬት በጭነት መኪና አስመጡት። ያስመጡትም ለታናሽ ወንድሜ ለታደሰ ሲሉ ነው። ታደሰ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ እናቴ ዓይኑን አላየችም። በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ለክረምት እዚያው የሚቀሩት የትምህርት ቤቱ ልጆች በሬዲዮ እንደሚዘምሩ፣ መዝሙር አውራጁም እሱ እንደሆነ የአባባን እህል የሚጭነው ሹፌር ነገረን። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ደስታው አጠገባት።

ሬዲዮው ሲከፈት ግን ድምፁ ሻከረ። ጎረቤታችን ጋሽ አብደላ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «አቦ፣ አዲስ አይደል? እስኪፍታታ ነው» አሉ። ለአባባ ይኸው በቃ። አዲስ የሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይሠራበታል? አይሠራበትም። እንግዲያው ሬዲዮም ይሟሻል! ጓዳ አስገብተው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ ከማለዳ እስከ ማታ በለሆሳስ ያስለፈልፉት ጀመር። እኛ መክፈትም ማዳመጥም ተከለከልን።

ሬዲዮው የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ያን ክረምት የጭላሎ ተራራ ከጉም አልወጣም፤ የናዝሬት መንገድ ጭቃው መኪና ይውጥ ስለነበር ሌላ ድንጋይ ከየትም አይመጣም።

«ኧረ ይተዉ፣ ድንጋዩ ያልቃል!» አለች እናቴ።

«አንቺ ድስት አሟሽተሽ አታውቂም?» አሉ አባባ።

እኔም ተናደድኩ፤ ግን በዚያን ዘመን አባት አይመከርም።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጎረቤቱ ቤታችንን ሞልቶታል። አባባ ሬዲዮውን ከጓዳ እንደ ሙሽራ አጅበው አወጡትና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞሩት። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ጠርቶ ነበር። «አላልኳችሁም!» አሉ። ተናጋሪው የትምህርት ቤቱን ስም ጠራ፤ ከበሮው ተመታ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ።

አባባ ሬዲዮውን በጥፊ ጠፈጠፉት። ድንጋዮቹን አውጥተው ደጅ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው፤ ፀሐይዋ ግን ገና ደመና ውስጥ ነበረች። ጋሽ አብደላ «ያ ረቢ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ጆሯን ባዶው ሬዲዮ ላይ ለጥፋ «አሁን እየዘመረ ይሆን?» አለች።

ታደሰ ለፋሲካ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «እስቲ ያን መዝሙር ዘምርልኝ» አለችው እናቴ። አፉን ሲከፍት የወጣው የጎረምሳ ድምፅ ነው፤ ጎርናና፣ መሐል ላይ የሚሰበር። ራሱም አፍሮ ሳቀ። እናቴ «ጎሽ፣ ልጄ» ብላ ጉንጩን ሳመችውና ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ ነበር። ያን የልጅነት ድምፁን ስንቱ ባዕድ ሲሰማው፣ የወለደችው ሳትሰማው ቀረች።

የልጅ ልጄ ስፒከር ዛሬም ጥግ ይዞ ያንሾካሹካል። ማለማመዱ ይጠቅም ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። አባባም በክፋት እንዳላደረጉት፣ ልጃቸው አምሮ እንዲሰማላቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ስማቸው በተነሳ ቁጥር ነፍስ ይማር እላለሁ። ያችን ጠዋት ግን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።