ምስሉ የቆመ ቀን

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለው ሰው ባሌን አላየውም፤ እንቁላሉ ቀድሞት ይደርስ ነበር። ባሌ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ነው። ሕፃናቱ «ጋሼ ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ሲወጡም ሲወርዱም እሱ የሚላቸው ይህንኑ ስለሆነ። ወላጆች ይወዱታል። የሰው ልጅ ጭኖ የሚበር ሾፌር ከሾፌር አልቆጥርም፤ እኔም በዝግታው ስኮራ ነው የኖርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት የእሱና የሁለቱ ልጆቻችን ነው። ሶፋውን ወደ ቴሌቪዥኑ ይጎትቱና የካርቱን ፊልም ያያሉ፤ መርከብ የሚሰበርበት፣ ዋሻ የሚገባበት፣ ጭራቅ የሚያባርርበት ዓይነት። ድሮ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነበር። «ተመለሺ አንቺ ቀበሮ! ከኋላሽ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ትንሹ ልጃችን በፍርሃት ብብቱ ውስጥ ይወሸቃል። ስንት ጊዜ ከጓዳ ሆኜ «ሦስት ልጅ ነው እንዴ ያለኝ?» ብያለሁ።

በዚህ ዓመት ጩኸቱ ቀረ። ልጆቹ ሲስቁ እሱ ቆይቶ ይስቃል። ሰባት ዓመት የሆናት ትልቋ ደግሞ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ታወራለታለች። «አሁን ድልድዩ ላይ ወጣች፣ አሁን ገመዱ ተበጠሰ...»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ዓይን የለውም?» ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በጆሮው ቀጠለች። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የእኔ ዓይን ግን ምን ሠርቶ እንደሚበላ እንጃ።

ያለፈው ቅዳሜ ልብስ አስጥቼ ስገባ ትንሹ ሶፋው ላይ ተኝቷል፤ ትልቋ ሽንት ቤት ገብታለች። ባሌ ብቻውን ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። ድምፁ ይሄዳል፣ ማዕበሉ ይጮኻል፤ ምስሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያ አሮጌ ቴሌቪዥን አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል። ቀበሮዋ መቅዘፊያዋን ወደ ላይ እንዳነሳች ደርቃ ቀርታለች።

«ምን ላይ ደረሰ?» አልኩት።

«ተይኝ እስቲ፣ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ነው! እየቀዘፈች ነው፣ ልትደርስ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ልጅቷ ተመለሰች። ገና ከበሩ ምስሉን አየችና «ቆሟል፣ አባዬ» አለችው፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ በቀስታ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የምትነግሪው?» አልኳት።

«ጨዋታችን ነው፣ እማዬ። መኪና ውስጥም እኮ ጋቢና ተቀምጬ እነግረዋለሁ። መብራቱ ቀይ ሲሆን ቀይ እላለሁ። ሰው ሲሻገር ሰው እላለሁ።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት።

«ጭጋግ ነገር ነው» አለ። «ይለቀኛል ብዬ ነው። ጥላ ጥላው ይታየኛል፤ መንገዱን እንደሆነ በልቤ አውቀዋለሁ። ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ምን ልሁን ብዬ ቤት ልቀመጥ?»

አንጀቴን በላው። ልጮህበትም ላቅፈውም ፈለግሁ። ግን እነዚያ ከኋላ ወንበር ላይ እየዘፈኑ የሚሄዱት ሕፃናት ፊታቸው ተራ በተራ መጣብኝ።

«እሷ ያላየችውስ ነገር?»

«ሁሉን ታያለች። እንደሷ ያለ ዓይን የለም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የሶፋውን ክር መምዘዝ ጀመረች።

«አንድ ቀን ግን እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች። «ስነቃ ትምህርት ቤት ደርሰን ነበር። እንዳትቆጣኝ ብዬ አልነገርኩህም።»

ማዕበሉ አሁንም ይጮኻል። ባሌ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ወደ እሷ መለሰ። እሷ ቁጣ መሰላት፤ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ሁለተኛ አልተኛም፣ አባዬ! ሁለተኛ አልተኛም!»

ኪሱን ዳብሶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ሰጠኝ። ከዚያ ራሷን ደረቱ ላይ አስደገፋት።

«ተኚ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ከእንግዲህ ተኚ።»