ሞጣ ኮርቻ ልገዛ ሄጄ

«አህያ እንኳ አይሸከመውም ያልከው አንተ ነህ?» ብለው ነበር ሰውየው ዛሬ ሞጣ ላይ በራቸው ድረስ ወጥተው የተቀበሉኝ።

ያገለገለ የፈረስ ኮርቻ ሊሸጡ፣ በፈረስ ስማቸው በከፈቱት ፌስቡክ ፎቶ ለጥፈው ነበር። እኔ ደግሞ ዋጋ ይቀንሱልኛል ብዬ ከቢቸና ሆኜ ኮርቻውን ሳጣጥል ሰነበትኩ።

ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ስለ ኮርቻ ግን ሊቅ ነበርኩ።

ሳየው ቆዳው የለሰለሰ፣ ስፌቱ የጠበቀ፣ ያማረ ኮርቻ ነው። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው «ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ።

«ለሠርጌ ነው፣ ጋሼ።»

«የማንን ልጅ ልታገባ?»

«የዚሁ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷን ገና አላውቃቸውም፤ ሽማግሌ ልልክ ነው። ቁጡ ናቸው አሉ።»

ይህን እያልኩ አንዲት ልጅ ውሃ ይዛልኝ ከቤት ወጣች። ቢቸና አብራኝ የምታስተምረው፣ ትናንት ቤተሰብ ልጠይቅ ብላ የሄደችው፣ የማገባት ልጅ ራሷ። ስታየኝ ውሃውን እንደያዘች ተመልሳ ገባች።

አባትዬው እሷን አዩ፤ እኔን አዩ። ኮርቻውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አሉኝ። «ስለ ኮርቻውም ስለ ልጅቱም ከነሱ ጋር እነጋገራለሁ። አንተ ግን ከእንግዲህ አፍህን ዝጋ።»

ይህን የምጽፈው ወደ ቢቸና በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ባዶ እጄን ተቀምጬ ነው። ከአማቱ ጋር ከኔ በከፋ ሁኔታ የተዋወቀ ካለ እባካችሁ ከታች ይጻፍልኝና ትንሽ ልጽናና።