አባቴ የተሾመ ሰሞን

ፕሬዚዳንቱ የተመረጡ ዕለት ቤታችን በግ ታረደ። እርግጥ ከቤታችን ድምፅ የሰጠ ሰው የለም። ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ፓርላማ ነው፤ እኛ አርባ ምንጭ ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን እናያለን። ለአባቴ ግን ይህ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። «ርዕሰ ብሔር በተመረጠበት ቀን በሽሮ አይታደርም» ብሎ ከሲቀላ ገበያ ሙክት አስጎትቶ መጣ።

አባቴ ከሰሜን መጥቶ፣ ግብርና ቢሮ በመስኖ ሥራ ተቀጥሮ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ እኔን ወልዶ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባንዲራ ሲሰቀል ካየ መሃል መንገድ ላይም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባጃጆች እየዞሩት ያልፋሉ። የሀገሪቱን መሬት ከዳር እስከ ዳር ይወዳል። ለመቀበር ሲሆን ግን፣ የተወለደባት ቀበሌ ኮረብታ ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን በቀር የሚስማማው አፈር የለም። በዚያ ዓመት ለቤቱ ገዢ አግኝቶ፣ ከመስቀል በኋላ ጠቅልሎ ሊሄድ ቆርጦ ነበር። እናቴ የተቀበረችው እዚሁ ነው። «እሷንስ?» ብዬ ብጠይቀው «እሷማ ሀገሯ ነው» አለኝ። የእኔ ሀገር የት እንደሆነማ የጠየቀኝም የለም።

ለግብዣው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጥቂት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ የሙዝ ዘለላ አስጭኖ ከመንደራቸው ከላንቴ መጣ። ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረደርን። መሐላው መሃል መብራት ጠፋ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደቆመ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀመጥ ነበር፤ እሱ ግን የጠቆረውን ስክሪን እያየ መዝሙሩን ራሱ ጀመረው። በዕድሜው መዝሙር ስለተቀያየረበት ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ወደ ድሮው ገባ። ማንም አላረመውም።

ጥብሱ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ሲቀርብ አጎቴ፣ ወንድና ሴት በሚያምታታው አማርኛው፣ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ ፕሬዚዳንት መቼ ነው የሚያበላን?»

«ማንን?»

«እኛን ነዋ። የተመረጠ አይደል እንዴ?»

በእናቴ ወገኖች ልማድ ሀላቃ፣ ማለትም የሠፈር አለቃ፣ ሆኖ የተመረጠ ሰው ደግሶ ሀገሩን ያበላል። ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜው የራሱ አይደለም፤ በተጠራበት መሄድ ነው። ድግሱ ጎተራ ስለሚያራቁት፣ ሊመረጥ ነው ሲባል ዘመድ ልጠይቅ ብሎ የሚጠፋም አለ። ከሥልጣን የሚሸሽ ሰው አለ ብላችሁ ለአዲስ አበባ ሰው ብትነግሩት እንኳን ሊያምን፣ ይታዘባችኋል።

አባቴ ተቆጣ። «ርዕሰ ብሔር አይደግስም! ሕዝቡ ነው ደስ ብሎት የሚደግስለት!»

«ታዲያ ዛሬ የተመረጠ ማን ነው?»

አባቴ አረቄ ቀማምሶ ስለነበር ብርጭቆውን ከፍ አደረገ። «ዛሬ የተመረጥነው ሁላችንም ነን! እኔም ተሾሜያለሁ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በጋሞኛ ጥቂት ተነጋገሩ። አጎቴ በእጁ የያዘውን አጥንት አስቀምጦ እጁን ታጠበ።

በሳምንቱ አባቴ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ሲከት እነዚያው ሽማግሌዎች እርጥብ ሳርና ለጋ ቅቤ ይዘው ደረሱ። ላንቴ ውስጥ የሀላቃነቱ ቦታ ባዶ ከርሟል፤ የታጨውም ሰው ወደ ጨንቻ ከወጣ አልወረደም። እነሱም ሳይለመን የደገሰ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸዋል። አባቴ ነገሩ እስኪገባው አጎቴ ቅቤውን መሃል አናቱ ላይ አድርጎለታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደግሰሃል። በልተናል። አለቀ።»

«የደገስኩት ለፕሬዚዳንቱ ነው እኮ!»

«ፕሬዚዳንቱ አልመጣችም። የቆምከው አንተ፣ የተናገርከው አንተ።»

«እኔ የዚህ ሀገር ሰው አይደለሁም!» አለ አባቴ።

አጎቴ አዘነ። «ጋሼ፣ የበላነውን አሁን እንዴት እናውጣው?»

ሽማግሌዎቹ እውነት ተሳስተው ይሁን፣ ወይስ የእህታቸውን ባል ላለመልቀቅ የመከሩት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎቴን ስጠይቀው ስለ ሙዝ ዋጋ ያወራኛል። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅቤው አነሰ ብዬ ነበር የሰጋሁት።

አባቴ ቅቤውን አልታጠበም፤ ግን መጻሕፍቱን መክተቱንም አልተወም። ገዢው ውል ሊዋዋል በሚመጣበት ቀን ጠዋት ከላንቴ ሰው እየሮጠ መጣ። ሁለት ባለ ሙዞች በቦይ ውሃ ተጣልተው ገጀራ ተማዘዋል። «ሀላቃ ካልደረሰ ሰው ይሞታል» አለ። አባቴ ሲራገም ሰማሁት፦ ጡረተኛ ነኝ፣ መንገደኛ ነኝ፣ ፖሊስ የለም ወይ። እየተራገመ ኮቱን ለበሰ፤ ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦ አንገትጌው ላይ አወረደው፤ ሽማግሌዎቹ የተዉለትን የማስታረቂያ እርጥብ ሳር ከውሃ ማሰሮው አንስቶ ባጃጅ ላይ ወጣ።

ገዢው ከምሳ በኋላ መጣ። የተከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ምስክሮች ይዘዋል። አባቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሳው ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ከጩኸቱ በላይ አባቴ በጋሞኛ እየሰበረ አንዱን ይገሥጻል። እናቴ በሕይወት እያለች እንኳ ጋሞኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ ሰዎቹ መጥተዋል» አልኩት።

«የማን ሰዎች?»

«ቤቱን የሚገዙት።»

ከበስተጀርባው አንዲት ሴት ስታለቅስ፣ ሰዎች ሲያባብሏት ይሰማኛል።

«ሥራ ላይ ነው በያቸው» አለኝ። «ነገም ሥራ አለኝ። ሌላ ቤት ይፈልጉ።» ስልኩ ተዘጋ።

ይህን ለገዢው ልነግራቸው ስል እንባዬ ቀደመኝ። ሰውዬው ደንግጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «አባቴ እዚሁ ሊቀበር ነው።»