ገለፈቱ ወደ ማሳው ሲመለስ

ትዕቢተኛ ናት ይሉኛል። ይበሉኛ! ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለውን የቡና ማሳዬን ቅጠል ብታዩት እናንተም ትንሽ ትዕቢት ትፈቅዱልኝ ነበር። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ያንን ማሳ መጀመሪያ ያስራብኩት እኔው ራሴ ነኝ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። የቤንች ገበሬ አግብቼ ዳገቱን ስወጣ እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን በሆዴ «ቆይ፣ የገበሬ ቤት እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸዋለሁ» እያልኩ ነበር የወጣሁት።

ያኔ አማቴ ቡናውን ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ ገለፈቱን ራሳቸው ተሸክመው ከየቡናው ሥር ይበትኑ ነበር። የምድጃውን አመድም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት በተሸረፈ ገንቦ አመድ ይዘው ሲወጡ ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ይሄን ቆሻሻ ራቅ አድርገው ለምን አይጥሉትም?» አልኳቸው። የእሳቸው አማርኛ አጭር ነው። «ቡና ይበላል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቡና አመድ ሲበላ! ለእህቴ ነግሬያት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ወንዙ ዳር የቡና ማጠቢያ ተከፈተ። ቡናውን ቀይ ሳለ፣ በእሸቱ ይቀበላል። እኔ ደስ አለኝ። «ምን አደከመን? ማድረቅ የለ፣ መውቀጥ የለ!» ብዬ ባለቤቴን ጎተጎትኩት፤ እሱም እሺ አለ። ከዚያን ዓመት ጀምሮ አንዲት ፍሬ እንኳን ከነገለፈቷ እቤት አልቀረችም። አመዱንም መንገድ ዳር ጉድጓድ አስቆፍሬ እዚያ መድፋት ጀመርኩ። ግቢዬ እንደ መስታወት ጸዳ። አማቴ ግን ከጓሯቸው ያሉትን ጥቂት እግር ቡናዎች አልሰጥም አሉ፤ የራሳቸውን ማድረቃቸውንና መበተናቸውን ቀጠሉ። ግትርነት መሰለኝ።

ሦስት ዓመት ደህና ሄደ። በአራተኛው ዓመት ቡናው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ አፈራ፤ እኔም አገር ጉድ ይበል አልኩ። ፍሬው መሙላት ሲጀምር ግን ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ዙሪያቸውን ቡናማ ሆኑ። መሃሉ አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ብቻ እሳት እንደላሰው። ከዚያ ቅርንጫፎቹ ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ፤ ፍሬውም ቀለለ፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግማሹ ይንሳፈፋል። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። እኔ የተማርኩት ደግሞ ማዳበሪያ አነሰው ብዬ ዩሪያ አስገዛሁ። ዩሪያው ቅጠሉን አሰፋው፤ ቃጠሎውም አብሮ ሰፋ።

በዚያ ሰሞን አማቴ ቤታቸው እንግዳ መጣባቸውና ለጨሞ ቅጠል አምጪ አሉኝ። ጨሞ ማለት በእኛ አካባቢ የቡናውን ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው የሚጠጡት ነው። ከማሳዬ ቆርጬ ወሰድኩላቸው። አንዱን ቅጠል አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙት፤ በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱትና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ አይጠጣም። ተቃጥሏል» አሉ። ተነሥተው ከጓሯቸው ሌላ ቆረጡ። በእንግዳ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ባለቤቴ ቁርጡን ነገረኝ። «የሚመጣው ምርት እንዲህ ከሆነ እነቅለዋለሁ። ጫት ነው የምተክለው» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለና «አባቴ ነበር የተከለው» አለ። ይሄኛው ነው አንጀቴን የቆረጠው። ወደ ማጠቢያው እንስጥ ያልኩት እኔ፣ ዩሪያውን ያስገዛሁት እኔ። አንድም ቀን ያንቺ ጥፋት ነው አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ ቅጠል ከእኔ ማሳ፣ አንድ ቅጠል ከአማቴ ጓሮ ይዤ የቀበሌያችን ልማት ሠራተኛ ጋ ሄድኩ። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ይቺ ምን ታውቃለች ብዬ ነበር። ሁለቱን ቅጠል ጎን ለጎን አደረገችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ገለፈቱ የት ነው የሚሄደው?»

«ማጠቢያው ጋ ነዋ! ወንዝ ዳር ተከምሯል።»

«አመዱስ?»

መንገድ ዳር ያስቆፈርኩት ጉድጓድ ትዝ አለኝ።

ያኔ አስረዳችኝ። ፖታሲየም የሚባል ምግብ አለ፤ ቡና ፍሬውን የሚሞላው በእሱ ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው ገለፈቱ ላይ ይቀራል፤ አመድም ውስጥ አለ። ከአፈሩ ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለፍሬው ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ጠርዙ የሚያርረው። ዩሪያ ብቻውን ሲሰጠው ደግሞ ረሃቡ ይብሳል። «የተቃጠለው ቅጠል አይድንም፤ እሱን አትጠብቂ። የሚቀጥለው እንዳይቃጠል ነው ሥራሽ» አለችኝ።

ቡና ይበላል! ያቺ ሁለት ቃል መንገዱን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። ስንት ዓመት የሳቅኩበት! ቤቴ አልገባሁም፤ በዚያው ወደ ማጠቢያው ወረድኩ። ጥበቃው ገለፈት ስጠኝ ስለው ሳቀብኝ፤ ክምሩ ይሸታል፣ ዝንብ ወሮታል። «ውሰጂው ባክሽ፣ ገላግይን!» አለ። በጆንያ ሞልቼ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ፤ ጭማቂው በወገቤ ይንጠባጠባል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች «ኧረ ጉድ! የአስተማሪው ልጅ ቆሻሻ ተሸከመች!» አሉ። «አዎ ተሸከምኩ! የራሴን ነው የምመልሰው!» አልኳቸው። በየቀኑ ወረድኩ፤ በየቀኑ ወጣሁ።

ችኩል ነኝ አይደል? ትኩሱን ገለፈት እንዳለ ከየግንዱ ጋር አስጠግቼ ከመርኩት። ጋለ፣ ተንፈቀፈቀ፤ የአንዳንዱ ግንድ ልጥ በሰበሰ። ባለቤቴ አየና ገጀራውን መሳል ጀመረ።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ በር ነበር፤ ማንኳኳቱ ሞቴ ነው። አማቴ ቤት ሄጄ የበራቸው ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ አላውቅም። ያሳዩኝ» አልኩ። በሕይወቴ አላውቅም ብዬ ለሰው የተናገርኩት ያኔ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ገለፈቱን ጥላ ሥር አስከመሩኝ፤ በእንሰት ኮባ አስሸፈኑኝ። ቆይቼ እንዳገላብጠው በእጃቸው አሳዩኝ። ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት ነው የሚወጣው። ሲበተንም ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ የቅርንጫፉ ጥላ የሚያርፍበት ላይ ነው። አመዱ ከላዩ ሳሳ ተደርጎ ይነሰነሳል። ዘለላውን የሰጠ ሙዝ ግንዱ ተከታትፎ እዚያው ይነጠፋል። ለሁሉም የሚሉኝ «እንዲህ» ብቻ ነው። ስሳሳት እጄን መታ ያደርጋሉ፤ «እንዲህ!»

ዝናቡ መጣ፣ አዲስ ቅጠል ወጣ። ባለቤቴ የድሮውን ቅጠል እያሳየ «ይኸው፣ አልዳነም» ይለኛል። «እሱን ተወው፣ አዲሱን እይ!» እለዋለሁ። አዲሱ ንጹህ ነው፤ ግን ቁርጡ የሚታወቀው ቅጠሉ አርጅቶ ፍሬው ሲሞላ እንደሆነ ስለማውቅ እኔም በየማለዳው ጠርዙን እየዳሰስኩ ነበር የማየው። ገጀራው በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ለቀማ ደረሰ። አንድ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር እየለቀምን ሳለ አማቴ በዱላቸው እየተደገፉ ብቻቸውን ዳገቱን ወጡ። ፍሬውን ዘወር ብለውም አላዩት። ጎንበስ ብለው ከታችኛው ቅርንጫፍ በጣም ያረጀውን ቅጠል ያዙ። ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። እጄን ከቅርንጫፉ አነሳሁ። ባለቤቴም መልቀሙን አቆመ።

ቀጠፉትና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ሌላ ቀጠፉ። ነጠላቸው እስኪሞላ ቀጠፉ።

ባለቤቴ ወደ ቤት ሮጦ ገጀራውን ከበሩ ላይ አወረደ። ክው አልኩ! እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሙዙ ጋ ሄደና ዘለላው የወረደለትን ግንድ ጥሎ ይከታትፈው ጀመር። «የት የት ላንጥፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን!

ዛሬ ማጠቢያው ጋ ገለፈት ለማግኘት ወረፋ ነው፤ ያን ጊዜ ጉድ ያሉት ሴቶችም ጆንያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። እንዴት እንደሚከመር ሊጠይቁኝ ሲመጡ አሳያቸዋለሁ፤ ሲሳሳቱ እጃቸውን መታ አደርጋለሁ።

የዚያን ቀን ግን አማቴ ቅጠሉን አፈሉት። ቤቱ ውስጥ ባለቤቴ አለ፣ ሽማግሌ ጎረቤት አለ፤ በወጉ ቢሆን መጀመሪያ የሚቀዳው ለእነሱ ነው። እሳቸው የመጀመሪያውን ቅል ሞልተው በሁለት እጃቸው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ጠጪ» አሉ። «ያንቺ ቅጠል ነው።»