ቁልቁለቱን የረሳ ሞተር

የሰርፀን ዕድሜ የበላው ሞተር ነው። የሰው ሞተር መጠገን እንጀራው፣ የራሱን መሥራት ደግሞ አባዜው ነበር። ወሰን ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ውስጥ አሉሚኒየም እያቀለጠ፣ ቁርጥራጭ ብረት እየለቃቀመ፣ እንጦጦን ጭነት ይዛ የምትወጣ ትንሽ መኪና ሊሠራ ተነሣ። ሰፈሩ እስኪበቃው ሳቀበት። ሞተሩ የተነሣ ዕለት ግን ሁላችንም ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰብን።

ሜዳ ላይ ችግር አልነበረበትም። ዳገት ሲጀምር ግን ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በደረቁ ይፋጫል። ሁለት ክራንክ እንዲህ ተበላ። ክራንኮቹን በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ የሠሩለት አዛውንቱ ጋሽ ከበበ ነበሩ። የእሳቸውን ያህል አድርጎ የሚሠራለት ሌላ ሰው ፈልጎ አጥቷል። ሽማግሌው ግን ሦስተኛውን ሲያስረክቡት፣ «ከዚህ በኋላ አልሠራልህም» አሉት። ምክንያቱን አልነገሩትም። የተቀየሙት መሰለው፤ እንቅልፍ አጣ።

ሰርፀ በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን መሳቢያ ቱቦ ወደ ኋላ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ደጋግሞ ወጣ፤ ሞተሩም አልከዳውም። ቁልቁለቱን ደግሞ እንደ ማናችንም ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ እያደረገ፣ ማለትም ከማርሽ እያወጣ፣ በፍሬን ብቻ ይወርደው ነበር። ይህ ልማድ ጉድ ይሠራዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ ከበበን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ወሰዳቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሽማግሌው መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ የሰርፀን ክንድ ይዘው ነበር፤ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ዳገቱን በሰላም ወጣን። መውረድ ስንጀምር ሰርፀ ፍሪ አደረገ፤ የሞተሩ ድምፅ ረገበ። ጋሽ ከበበ ተቆጡ።

«ቁልቁለት በፍሪ ይወረዳል እንዴ? ስንት ሰው በዚህ አለቀ። ማርሽ አስገባ።»

ልክ ናቸው። ሰርፀም «እሺ ጋሼ» ብሎ ሁለተኛ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ መሳቢያው ከኋላ ባዶውን ይስባል፤ በፍሪ ግን ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጉዳቱ አይታወቅም ነበር። ሽማግሌው የሠሩትን ክራንክ ድምፅ እያዳመጡ ፈገግ ብለዋል። የዘይት መብራቷ ስትበራ ሰርፀም እኔም አየን። ፈገግታቸውን ላለመንጠቅ ይሆናል፣ ሞተሩን ለማጥፋት እጁ ዘገየ። ወዲያው ብረት ብረትን ሲበላ ተሰማ፤ መኪናዋ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመች።

ሰርፀ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል።

«እኔ ነኝ ያስበላሁህ?» አሉ ጋሽ ከበበ።

«አይደለም። እርስዎ ልክ ነዎት። መሳቢያው መሀል ላይ መሆን ነበረበት፤ ዘይቱም እንዳይሸሽ ቋቱ መከለል ነበረበት። አሁን ገና ገባኝ።» ወርዶ በእሳቸው በኩል ዞረ። «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አንድ ብቻ ይሥሩልኝ።»

ሽማግሌው በሩን በዳበሳ ከፍተው ወረዱ። እጃቸውን ወደ ግራ ዘረጉ፤ ሰርፀ ግን የቆመው በቀኛቸው ነበር።

«ሦስተኛውን ክራንክ በጣቴ እየዳበስኩ ነው የጨረስኩት» አሉት። «ና፣ ያዘኝና እንውረድ። መንገዱ አይታየኝም።»