የሰናይት የትኬት ገንዘብ

ይህ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። በጠዋት በር ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ሰናይት ትዝ ትለኛለች።

ጓደኛዬ ሰናይት እዚሁ ሰው አገር፣ ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን ትንከባከባለች። የመኖሪያ ወረቀቷ እስኪወጣ ስንት ዘመን እናቷን ሳታይ ቆየች። ሲወጣላት ደሴ ሄዳ እናቷን ልታይ፣ ዓይናቸውንም ልታሳክም ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረች።

አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ስልኳን አሳየችኝ። ከገንዘቡ ላይ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ገዝታበታለች።

«ሰኒ፣ ኧረ ተይ» አልኳት።

«ምን ታካብጃለሽ? ቼክ አድርጌዋለሁ። ባንኬ ራሱ መሸጥ ሊጀምር ነው እኮ! ባንክ ዝም ብሎ ይገባል? ትንሽ ከወለደልኝ እማዬን ደህና ሆስፒታል አሳክማታለሁ።»

ባንኩ የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ክሪፕቶ ኖሯል። እሷ የገዛችው ርካሽ ነው ብላ የመረጠችውን፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ነው። የቀረውንም ገንዘብ እዚያው መጨመሯን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከወራት በኋላ ወንድሟ ከደሴ ደወለልኝ። እናታቸው አርፈዋል። «በስልክ እንዳትሰማ፤ እናንተው አርዷት» አለኝ።

እንደ ወጋችን ወዳጆቿ በማለዳ ተሰባስበን ቤቷ ሄድን። እንደ አባት የምናያቸው ጋሽ ታደሰ ከፊት ሆነው አንኳኩ። እንዲህ በጠዋት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ማንም ሐበሻ ይገባዋል። ሰናይት ግን ሳምንቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበርና ሌላ ነገር አልታያትም።

«ሰማችሁ አይደል?» አለች በሩን እንደያዘች። «አለቀ። የትኬቱም የሕክምናውም። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ምንም አልቀረኝም።»

የጋሽ ታደሰን እጅ ያዘች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቆጡኝ። ግን በሞቴ፣ እማዬ እንዳትሰማ። እየጠበቀችኝ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ስንቱን መርዶ አርድተዋል። ያን ቀን ግን አቃታቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። የነገርኳት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ አላለቀሰችም። ትክ ብላ አየችኝና «ሳትሰማ ነው?» አለችኝ።

«ሳይሰሙ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ለቅሶው ላይ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ሰምቼ በጣም ተናደድኩ። ለራሷ ብላ አልነበረም። አሁን ሥራ ቦታ «ባንኮቹም እኮ ገቡበት» ሲሉኝ ተጠንቀቁ እላለሁ። ባንክ በአንዱ ቢከስር በሌላው ያካክሰዋል፤ ሰናይት ግን የነበራት ያው ብቻ ነው።

እስካሁን ደሴ አልሄደችም። ትኬቱን እኛ እንቁረጥልሽ ብንላት «አሁን ሄጄ ማንን ላይ?» ትለናለች። እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ።