የጨመራት ሩብ ዙር

ባሌን የሥራ ጓደኞቹ «አጥብቄ» ይሉታል። ቧንቧ ሠሪ ነው። ሌላው ሰው «ጠብቋል» ብሎ የተወውን እሱ ሩብ ዙር ሳይጨምርበት አይሄድም። የዘይት ጠርሙስ ከከደነ ጎረቤት ጠርቼ ነው የማስከፍተው። ስስቅበት «ሰው የሚገድለው የላላ ነገር ነው» ይለኛል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ወጣት ሳለ የሥራ ባልደረባው የውሃ ማሞቂያ ሲጠግን፣ ከላይ የላላች መገጣጠሚያ አንጠባጥባ ውሃው ሽቦ ላይ ወረደ፤ ሰውየው እዚያው ቀረ። ባሌ የቧንቧውን ሌላ ጫፍ ይዞ መሰላል ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ክፍል ውስጥ ከተገናኙ ያልበዋል። ልብስ ስተኩስ እንኳ ውሃ እንድረጭ አይፈቅድልኝም።

እንግዲህ ልጃችን «አባዬ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ውሃ ላስገባ ነው» ስትለው ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ልጃችን ገና ያልተሠራ ሕንፃ እንደተሠራ አድርጋ በፊልም ታሳያለች። ደንበኞቿ ፕላኑን ይልኩላታል፤ እሷ በሩን ከፍታ፣ ፀሐዩን በመስኮት አስገብታ ትመልስላቸዋለች። ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራላት ግራፊክስ ካርድ የሚባለው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ክፍሏ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር ነው። ቀትር ላይ ካርዱ ይግላል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ከዚያ ድርግም! የግማሽ ቀን ልፋቷን ውሃ በላው። ሰኞ የምታስረክበው የትምህርት ቤት ሕንፃ ነበራት፤ ሌላ ካርድ የላትም። እሱ ከተቃጠለ የእንጀራ ገመዷ ተበጠሰ ማለት ነው።

«የመኪና ራዲያተር ታውቅ የለ?» አለችው። «እሱው ነው። ካርዱ ላይ ሳህን ትገጠማለች። ፓምፑ ውሃውን በሳህኗ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ሄዶ ይቀዘቅዝና ይመለሳል። ካርዱን አይነካውም።»

«ስንት ራዲያተር ሲያፈስ አይቻለሁ።»

«ቢያፈስ የሚሞተው ካርዱ ነው፣ እኔን አይገድለኝም።»

«እሱም ምንም አይለኝም ብሎ ነበር» አለ ባሌ። ማንን ማለቱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እሷ አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ማራገቢያውን ፈታ ሳህኗን ገጠመች። ሳህኗ ከሥር መዳብ፣ ከላይ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ናት። ቱቦዎቹን ስታገናኝ አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ጣቶቿን ያያል። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ። ግን እኔን ያስፈራኝ ከውሃው ይልቅ የእሱ ፊት ነው።

«በቃ? በጣት ብቻ?» አላት።

«በጣት ብቻ። ውሃውን የሚይዘው ከሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ናት እንጂ ጉልበት አይደለም።»

ዕድሜውን ሙሉ በመፍቻ ሲያጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ስድብ ነው።

የቀረውን ሽቦ ሁሉ ነቅላ ለፓምፑ ብቻ ኤሌክትሪክ ሰጠችው። በየመገጣጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፈች፤ የሚያፈስ ካለ ሶፍቱ ይናገራል። ውሃው ሲዞር ዋለ። ባሌ ቁጢጥ ብሎ ሶፍቱን ይዳስሳል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይዳስሳል። ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ልጄ «ደረቅ ነው! አለቀ!» ብላ ፓምፑን አጠፋችና ሽቦዎቹን መልሳ ሰካች። «ፊቴን ታጥቤ ልምጣና እንከፍተዋለን» ብላ ወጣች።

የታጠበ ልብስ ከገመድ አውርጄ ስገባ ባሌ ሳጥኑ ላይ አጎንብሷል። ክርኑ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ መኮሮኒ ሲሰበር እንደሚለው ያለ። ቀና ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ምን አደረግህ?»

«ምንም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። አንድም ጠብታ የለም። ምንም አልሆነም አልኩ በልቤ። እሱም እንደዚያው ሳይል አልቀረም።

ልጃችን ፊቷን ሳታደርቅ መጥታ ወንበሯን ሳበች። «ኑ እዩ!» ደስ ብሏታል። ባሌን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ይህ ሰው በሕይወቱ «እጄ አጠፋ» ብሎ አያውቅም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጣቷ ማብሪያው ጋ ደረሰ።

«አትንኪው!»

የባሌ ጩኸት እኔን ራሴን ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። ልጄ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጨመርኩበት።»

«ምን ጨመርክበት?»

«ሩብ ዙር።» መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሽቦዎቹን ነቅላ በስልኳ መብራት አየች። ጥርት ያለው ፕላስቲክ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተስባለች። ፓምፑን ብቻ መልሳ አስነሳችው። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ስንጥቋ ወዛች፣ ጠብታ አበጀች፣ ጠብታዋ ሶፍቱ ላይ ወረደች። ሶፍቱ የተነጠፈው ካርዱ ላይ ነበር።

ልጄ ፓምፑን አጥፍታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትጮህበታለች ብዬ ስጠብቅ እርጥቡን ሶፍት አንስታ እጇ ውስጥ ጨበጠችው። «ከፍቼው ቢሆን…» አለችና ተወችው።

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አላት ባሌ። «ስለፈራሁ ነው።»

ስንጋባ ጀምሮ «ተጠንቀቂ»፣ «አጥብቂ»፣ «አትንኪ» ሲለኝ ኖሯል። «ፈራሁ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንጀቴን በላው።

ካርዱን አድርቃ የድሮውን ማራገቢያ መለሰችለት። ፊልሙን ጠዋትና ማታ፣ ቆርቆሮው ሲበርድ እየጠበቀች፣ በዚያ የወፍጮ ጩኸት ጨርሳ ሰኞ አስረከበች። አባቷ በእነዚያ ቀናት በክፍሏ ሲያልፍ አንገቱን ሰብሮ ነበር።

ሌላ ሳህን ሲመጣ እንደ ፊቱ ገጣጠመችና አንዷን መገጣጠሚያ ብቻ ተወቻት። «አባዬ፣ ና ይህችን አጥብቅልኝ።»

«እኔ? አብደሻል?»

«በሁለት ጣት።»

እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ መልሶ በሸሚዙ አደረቀ። በሁለት ጣት አዞራት። እምቢ ስትለው ቆመ። ጣቶቹ ያችን ሩብ ዙር ሲመኙ ይታየኛል። እጁን ነጥቆ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

«አልላላም?»

«አልላላም፣ አባዬ።»

እንደገና ሶፍት ተነጠፈ፣ ውሃው ዞሮ ዋለ፣ ደረቅ ሆነ። ሽቦዎቹን ሰካችና «አንተ ክፈተው» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እጁ ማብሪያውን ተጫነ፣ በሌላው የእኔን እጅ ያዘ። ምንም አልተሰማም። የለመድነው ጩኸት የለም።

«ሞተ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እየሠራ ነው፣ አባዬ። ውሃው ድምፅ የለውም።»

ዓይኑን ገልጦ ስክሪኑን አየ፤ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ነበር። እጄን ግን አለቀቀም፤ እንደ ልማዱ አጥብቆ ይዞኛል። ቀለበቴ ጣቴን ቆረጠኝ። ልቀቀኝ አላልኩትም።